የጦር አውሮፕላን ግዥና የበረራ ብቁነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጦር አውሮፕላን ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፍጥነቱ፣ የሚሸከመው ሚሳይልና ዋጋው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ አውሮፕላን ሰው ይዞ እንዲነሳ የፈቀደው ማን ነው? ምን ማስረጃ አይቶ ፈቀደ? ከታች ያሉት በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካ፣ ከጀርመንና ከአውስትራሊያ የመጡ ናቸው። ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ መስከረም ሲባል ሴፕቴምበር ማለት ነው። እነዚህ አገሮች ነገሩ ሲበላሽባቸው የምርመራውን ሪፖርት ለሕዝብ ስለሚያወጡ ከእነሱ መማር ይቻላል።

የበረራ ብቁነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ሦስት ነገሮች አብረው ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ንድፉ በተቀመጠለት ገደብ ውስጥ አስተማማኝ መሆኑ ተረጋግጧል። ሁለተኛ፣ ይሄኛው አውሮፕላን፣ ጭራው ላይ ይሄ ቁጥር የተጻፈበት፣ በዚያው ንድፍ መሠረት ተሠርቷል። ሦስተኛ፣ ከተሠራም በኋላ በሥርዓቱ ሲጠገን ቆይቷል። አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሁለቱ አያድኑም።

በሁሉም ሁኔታ ይበራል ተብሎ የሚፈረምለት አውሮፕላን የለም። ይህን ያህል ክብደት ተሸክሞ፣ እስከዚህ ከፍታ፣ በዚህ ዓይነት አየር ጠባይ ተብሎ ነው የሚፈቀደው።

የጠላት ጥይት እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ወደ ውጊያ የሚሄድ ወታደር ሊመታ እንደሚችል ያውቃል። ከራሱ አውሮፕላን ነዳጅ ፈስሶ፣ የጋለ ቱቦ ላይ ደርሶ እሳት ቢነሳ ግን ያ የውጊያ አደጋ አይደለም። ሥራውን በአግባቡ ያልሠራ ሰው አለ ማለት ነው።

የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለምን የጦር አውሮፕላንን አያረጋግጥም?

በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 3 ነገሩን ቆርጦታል። ስምምነቱ የሚሠራው ለሲቪል አውሮፕላን ብቻ ነው ይላል። ለጦር ኃይል፣ ለጉምሩክና ለፖሊስ አገልግሎት የሚውል አውሮፕላን የመንግሥት አውሮፕላን ተብሎ ከስምምነቱ ውጪ ይሆናል። ይህ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለሁሉም አባል አገር እኩል ይሠራል። አንድ ግዴታ ብቻ ቀርቷል። መንግሥታት ለራሳቸው አውሮፕላን ደንብ ሲያወጡ ለሲቪል በረራ ደህንነት ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ አለባቸው።

ሙያዊ ምክንያትም አለ። የሲቪል መርማሪ ክንፍ ሥር የተሰቀለ ቦምብ ሲለቀቅ ጭራውን ይመታ ይሆን ብሎ የሚመረምርበት መስፈርት የለውም። ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ በቱቦ ተያይዘው ነዳጅ ሲቀባበሉም እንደዚያው።

ታዲያ ማነው የሚያረጋግጠው?

እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ አየር ኃይሉ፣ ባሕር ኃይሉና ምድር ጦሩ የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። የጋራ መነሻቸው ሚል-ሃንድቡክ-516 የሚባል ሰነድ ነው። ከአውሮፕላኑ አካል ጥንካሬ እስከ ነዳጅ ሥርዓት፣ ከኤሌክትሪክ እስከ ሶፍትዌር፣ ምን ምን መረጋገጥ እንዳለበት በዝርዝር ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ፕሮጀክት ከዚያ ውስጥ የሚመለከተውን መርጦ የራሱን የማረጋገጫ መሠረት ያዘጋጃል።

እንግሊዝ ወታደራዊ የአቪዬሽን ባለሥልጣኗን ያቋቋመችው በ2010 ነው። የአውሮፓ መከላከያ ኤጀንሲ ከ2008 ጀምሮ የአባል አገሮቹን ወታደራዊ ደንቦች የሚያቀራርብ መድረክ ፈጥሯል። ከዚያ የወጡት ደንቦች የተቀረጹት በአውሮፓ የሲቪል ደንቦች አምሳያ ነው። አውስትራሊያም በ2016 የራሷን ሥርዓት በእነዚሁ ደንቦች ላይ መሥርታለች።

የግዥው መንገድ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የዚህ ሁሉ ጉዳይ እምብርት ይሄ ነው። ብዙ ሰው ምስክር ወረቀት መጨረሻ ላይ የሚመታ ማኅተም ይመስለዋል። በተግባር የማስረጃ ክምር ነው። የክንፉ የጥንካሬ ስሌት፣ የሙከራ በረራ መረጃ፣ የሶፍትዌሩ እያንዳንዱ መስመር ከየትኛው መስፈርት እንደመጣና እንዴት እንደተፈተሸ የሚያሳይ መዝገብ፣ ክፍሎቹ ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላሹና ሲበላሹ ምን እንደሚከተል የሚያሳይ ትንተና አንድ ላይ ሆነው ነው ፊርማውን የሚያመጡት።

አብዛኛው ማስረጃ የሚፈጠረው ንድፉ ሲወጣ ነው። ያኔ ካልተሰበሰበ በኋላ ማምረት እጅግ ውድ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይቻልም። ያለ ሊብሬ መኪና የገዛ ሰው ያውቀዋል። ሞተሩ ይነሳል፣ ጎማው አዲስ ነው፣ ግን መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። የግዥው ውል ነው ማስረጃው በማን እጅ እንደሚቀር፣ ገዢው የማየት መብት ይኑረው አይኑረው፣ መስፈርቱ የማን እንደሆነ የሚወስነው። ስለዚህ ውሉ የተፈረመ ዕለት የበረራ ብቁነቱ ግማሽ መንገድ ተሄዷል፤ ወይም ግማሹ ጠፍቷል።

ሙሉ በሙሉ አዲስ አውሮፕላን በማሠራት ከተገዛስ?

በዚህ መንገድ ገዢው ትልቁ ሥልጣን አለው። ከመጀመሪያው ቀን መስፈርቱን ያወጣል፣ ሙከራውን ይከታተላል፣ ማስረጃውም የራሱ ሊሆን ይችላል። ጊዜውና ወጪው ግን ከባድ ነው።

ኤ400ኤም የተባለውን የአውሮፓ ማመላለሻ አውሮፕላን እንመልከት። ሰባት አገሮች በግንቦት 2003 ለ180 አውሮፕላኖች ውል ፈረሙ። ውሉ የተቀረጸው እንደ መንገደኛ አውሮፕላን ንግድ ነበር፤ ዋጋው የተቆረጠ፣ ልማቱና ምርቱ በአንድ ጥቅል። መሠረቱ በአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ፣ በሲቪል ደንብ እንዲረጋገጥ፣ ወታደራዊው ክፍል ደግሞ በላዩ እንዲጨመር ተወሰነ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የሲቪል ምስክር ወረቀት ያለው አውሮፕላን በሲቪል አየር ክልል ያለችግር ይንቀሳቀሳል። እንቅፋቱ የመጣው ባልተጠበቀ ቦታ ነው። የሞተሩ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሲቪል ማረጋገጫ የሚጠይቀውን የሰነድ ሰንሰለት አላሟላም ነበር። መዝገቡ እስኪስተካከል ክንፍና አካሉ የተሠራው አውሮፕላን ቆሞ ጠበቀ። የመጀመሪያው በረራ የተደረገው በታኅሣሥ 2009 ነው። ሙሉው የሲቪል ምስክር ወረቀት የተሰጠው በመጋቢት 2013 ሲሆን ፈረንሳይ የመጀመሪያውን አውሮፕላን የተረከበችው በዚያው ዓመት በነሐሴ ነው። በመሃል ገዢ አገሮቹ ፕሮጀክቱን ለማዳን ተጨማሪ 3.5 ቢሊዮን ዩሮ ለማዋጣት ተገደዋል።

በግንቦት 9 ቀን 2015 ደግሞ ለርክክብ እየተዘጋጀ የነበረ ኤ400ኤም ስፔን ውስጥ ሴቪል ከተማ አጠገብ ወድቆ አራት ሰዎች ሞቱ። ሶፍትዌር ሲጫን በሦስት ሞተሮች ላይ የጉልበት መለኪያ ዳታው ጠፍቶ ነበር። ንድፉ ምስክር ወረቀት ካገኘ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። በየአውሮፕላኑ ላይ ሶፍትዌር የሚጫንበት አሠራርም የበረራ ብቁነት አካል መሆኑን ያን ቀን በመራራ መንገድ አሳየ።

የመንገደኛ አውሮፕላንን ወደ ጦር አውሮፕላን መለወጥ አይቀልም?

ይቀላል፣ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። በዚህ መንገድ ትልቁ ትርፍ ያለቀ ማስረጃ ማግኘት ነው። በሺህ የሚቆጠሩ እህት አውሮፕላኖች በየቀኑ ይበራሉ። መለዋወጫው አለ፣ ቴክኒሻኑ አለ፣ የብልሽት ታሪኩ ይታወቃል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፒ-8 የተባለውን የባሕር ቅኝት አውሮፕላን በቦይንግ 737 ላይ ሲመሠርት ያሰበው ይህን ነው። ሬንተን በሚገኘው የ737 ፋብሪካ ውስጥ አካሉ ገና ሲገጣጠም ነው ወታደራዊው ለውጥ የሚገባው። ያለቀ አውሮፕላን ፈትቶ ከመቀየር ይህ በብዙ ይሻላል።

ኬሲ-46 ላይ ግን ነገሩ ተጠመዘዘ። በቦይንግ 767 ላይ የተመሠረተ፣ አየር ላይ ነዳጅ የሚሞላ አውሮፕላን ነው። ውሉ የተፈረመው በየካቲት 2011 ሲሆን ለልማቱ የዋጋ ጣሪያ ተቀምጦለት ነበር። ከጣሪያው በላይ ያለውን ቦይንግ ይሸከማል። በ2014 የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ችግር ታየ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው የተዘረጉት ሽቦዎች የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በሚጠይቀው ልክ ተራርቀው አልተዘረጉም። እንደገና መሠራት ነበረባቸው። የመሠረቱ አውሮፕላን ማረጋገጫ በታኅሣሥ 2017፣ የወታደራዊው ለውጥ ተጨማሪ ማረጋገጫ በመስከረም 2018 ተሰጠ። አየር ኃይሉ የመጀመሪያውን የተረከበው በጥር 2019 ነው። የኩባንያው ኪሳራ ከሰባት ቢሊዮን ዶላር በልጧል።

ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። መሠረቱ ምስክር ወረቀት አለው ማለት ለውጡ ምስክር ወረቀት አለው ማለት አይደለም። ነዳጅ ታንክ ስትጨምር፣ ካሜራ ስትተክል፣ ሽቦ ስትዘረጋ እያንዳንዱ ለውጥ የቀድሞውን ማስረጃ ጥቂት ጥቂት እየሸረፈ ይሄዳል።

የ737 ማክስ አደጋ ከዚህ ጋር ግንኙነት አለው?

አለው፤ ለእኛም ቅርብ ነው። በመጋቢት 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ወድቆ 157 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በፊት፣ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች በተመሳሳይ ሁኔታ አልቀዋል። በሁለቱም ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ከአንድ አነፍናፊ በመጣ የተሳሳተ ንባብ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፍቷል።

ኬሲ-46ም ኤምካስ የሚባል ሥርዓት አለው። የአሜሪካ አየር ኃይል ከአደጋዎቹ በኋላ ተመልሶ ፈተሸው። የኬሲ-46ቱ ከሁለት አነፍናፊዎች ንባብ ወስዶ የሚያወዳድር ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ሕይወት ነው።

ለጦር ኃይሎች ከዚህ የወጣው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። የሲቪሉ ባለሥልጣን አብዛኛውን የማረጋገጥ ሥራ ለአምራቹ መሐንዲሶች በውክልና ሰጥቶ ከነበረ፣ በዚያ ማረጋገጫ ላይ ተደግፎ የገዛ ጦር ኃይል በምን ላይ ነው የተደገፈው? የእኔ መልስ ይህ ነው፦ የሲቪል ምስክር ወረቀትን እንደ ጥሩ መነሻ ተቀበል፣ ግን ወሳኝ የሆኑትን ሥርዓቶች፣ በተለይ አብራሪውን ተክቶ መሪውን የሚነካ ሶፍትዌርን፣ በራስህ ሰው አስመርምር።

ሌላ አገር የሚያበረውን ዝግጁ አውሮፕላን መግዛትስ?

ብዙ አገሮች የሚመርጡት መንገድ ነው። አስተዋይነት ነው ብዬም አምናለሁ። የሻጩ አገር ባለሥልጣን ያረጋገጠውን የገዢው አገር ባለሥልጣን ገምግሞ ይቀበላል። ይህ እውቅና መስጠት ይባላል። የአውሮፓ አገሮች ለዚህ የጋራ የጥያቄ ዝርዝር አላቸው። የሌላው መሥሪያ ቤት ምን ያህል ገለልተኛ ነው፣ ባለሙያ አለው ወይ፣ ደንቡ ምን ይሸፍናል እያሉ ይመዝኑታል።

እውቅናው የሚጸናው ግን አውሮፕላኑን እንደ ሻጩ አገር ካዋቀርከውና ካበረርከው ብቻ ነው። የብረት ድካም ስሌት በአጠቃቀም ላይ የተመሠረተ ነው። ሻጩ ከፍ ብሎ ረጅም ርቀት የሚያበረውን አንተ ዝቅ ብለህ ተራራ ለተራራ ካበረርከው የክንፉ ዕድሜ ያጥራል፤ የሻጩ ሰነድ ግን ይህን አይነግርህም።

አወቃቀሩን ለራስህ ስትቀይር ምን እንደሚመጣ የእንግሊዙ ቺኑክ ማርክ 3 ታሪክ ያሳያል። በ1995 እንግሊዝ ለልዩ ኃይሏ ስምንት ሄሊኮፕተሮች አዘዘች። ዋጋቸው 259 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ቺኑክ በዓለም ዙሪያ የታወቀ፣ የተፈተነ ሄሊኮፕተር ነው። እንግሊዝ ግን በጀቱ ስላልበቃ ለራሷ ብቻ የተለየ፣ ግማሹ ዲጂታል ግማሹ አሮጌ የሆነ የአብራሪ ክፍል አሠራች። ሄሊኮፕተሮቹ በ2001 ተጠናቅቀው ለእንግሊዝ ተሰጡ። ያኔ የእንግሊዝ መርማሪዎች የሶፍትዌሩን ማስረጃ ጠየቁ። ውሉ ውስጥ ሶፍትዌሩ የእንግሊዝን መስፈርት ማሟላቱ የሚታይበት ሰነድ ይቅረብ የሚል በቂ ግዴታ አልነበረም። አምራቹ ውሉን ፈጽሟል። የፈረሰ ቃል የለም፤ ማስረጃ ግን የለም።

ስለዚህ ሄሊኮፕተሮቹ ሰማይ ጥርት ባለበት ቀን፣ ከመሬት 500 ጫማ በላይ ብቻ እንዲበሩ ተገደቡ። ሌሊት በዝቅታ ወታደር ለማስገባት ለተገዛ ሄሊኮፕተር ይህ ፈቃድ ምንም አይጠቅምም። ዓመታቱን ሃንጋር ውስጥ አሳለፉ። ያ ደግሞ እንግሊዝ አፍጋኒስታን ውስጥ ሄሊኮፕተር አጥታ የምትጨነቅበት ጊዜ ነበር። በመጨረሻ የተወሰነው አዲሱን የአብራሪ ክፍል አውጥቶ አሮጌውን፣ ማስረጃ ያለውን መመለስ ነው። የእንግሊዝ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በ2008 እንዳለው የፕሮጀክቱ ወጪ ከ422 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ደርሷል። እኔ ይህን ታሪክ የግዥ ሥራ ለሚጀምር ሰው ሁሉ አነብለት ነበር።

አሮጌ አካል አድሶ መጠቀም ወጪ አይቆጥብም?

ወረቀት ላይ ይቆጥባል። አውስትራሊያ በ1997 አስራ አንድ ሲስፕራይት ሄሊኮፕተሮችን አዘዘች። አካላቸው በ1960ዎቹ የተሠራ፣ ውስጣቸው በአዲስ ኮምፒውተር የሚሞላ ነበር። አሮጌው ንድፍ የዘመኑን የአደጋ መቋቋም መስፈርት አያሟላም። አውቶማቲክ የበረራ መቆጣጠሪያው ላይም የደህንነት ጥያቄ ተነሳ። ከአንድ ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ከወጣ በኋላ በመጋቢት 2008 ፕሮጀክቱ ተሰረዘ።

የሚገርመው፣ ኒውዚላንድ በኋላ እነዚያኑ ሄሊኮፕተሮች ገዝታ ተጠቅማባቸዋለች። ኒውዚላንድ ይህንኑ የሄሊኮፕተር ዓይነት ቀድሞም ታበር ነበር። ማሽኑ ያው ነው፤ የገዢው መስፈርት፣ ልምድና የሚቀበለው የአደጋ መጠን ግን ሌላ ነው። የበረራ ብቁነት ከአውሮፕላኑ ጋር የተወለደ ጠባይ አይደለም። አንድ ባለሥልጣን ለአንድ አጠቃቀም የሚሰጠው ፍርድ ነው።

ጦርነት ላይ ያለ አገር ይህን ሁሉ መጠበቅ ይችላል?

አይችልም፤ ይጠብቅም አልልም። ለዚያ አስቸኳይ ግዥ የሚባል መንገድ አለ። የሚፈቀደው በጠባብ ገደብ ነው፤ ለተወሰኑ አውሮፕላኖች፣ ለተወሰነ ዘመቻ፣ ለተወሰነ ጊዜ። የቀረው አደጋ በጽሑፍ ይቀመጣል፣ በስሙ የሚፈርም አዛዥ ይኖራል።

አደጋው ያለው ጊዜያዊው ቋሚ ሲሆን ነው። ኒምሮድ የእንግሊዝ የባሕር ቅኝት አውሮፕላን ነበር። በ1982 ከአርጀንቲና ጋር በተደረገው የፎክላንድ ጦርነት ወቅት አየር ላይ ነዳጅ እንዲቀበል በጥድፊያ ቱቦ ተገጠመለት። ለዚያ ጦርነት ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ጦርነቱ አለቀ፤ ቱቦው ቀረ፣ በኋላም መደበኛ ሆነ። ነዳጁ የሚፈስበት ቦታ ከጋለ የአየር ቱቦ አጠገብ መሆኑን ግን ማንም ቆም ብሎ በሙሉ ዓይን አላየውም። በመስከረም 2 ቀን 2006 ኤክስቪ230 የተባለው ኒምሮድ አፍጋኒስታን ውስጥ ካንዳሃር አካባቢ አየር ላይ ነዳጅ ከተቀበለ በኋላ ተቃጠለ። የነበሩት 14ቱም ሞቱ።

ኒምሮድ የደህንነት ሰነድ አልነበረውም?

ነበረው፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። አደጋው ከመድረሱ ጥቂት ዓመታት በፊት ሙሉ የደህንነት ሰነድ ተዘጋጅቶለት ነበር። የሕግ ባለሙያው ቻርልስ ሃደን-ኬቭ የመሩት ግምገማ በጥቅምት 2009 ሲወጣ ሰነዱን ያዘጋጁት፣ የተቀበሉትና በገለልተኛ አማካሪነት የፈረሙት ሁሉ ተወቀሱ። ሠላሳ ዓመት በሰላም በርሯል፣ ስለዚህ ደህና ነው የሚል እምነት ሥራውን በልቶታል። በሰነዱ የተለዩ ብዙ የአደጋ ሥጋቶች መፍትሔ ሳያገኙ ቀርተው ሥራው እንዳለቀ ተቆጠረ። በጀት ለመቆጠብ የተደረገው ግፊትም ለደህንነት የሚሰጠውን ትኩረት እንዳቀጨጨው ግምገማው አስቀምጧል።

ከዚያ በኋላ ነው ራሱን የቻለ ወታደራዊ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የተቋቋመው። ቁልፉ ነጥብ መነጠል ነው። አውሮፕላኑን በጊዜና በበጀት ማስረከብ ያለበት ሰው አውሮፕላኑ ደህና ነው ብሎ የሚፈርመው ሰው መሆን የለበትም። በዚህ ላይ ምንም ዓይነት ማላላት አልደግፍም።

አውሮፕላኑን ሳይገዙ አገልግሎቱን ብቻ መግዛት ይቻላል?

ይቻላል። እንግሊዝ በ2008 ከአንድ የግል ጥምረት ጋር የረጅም ዘመን ውል ገብታ ኤርባስ ኤ330 በተባለው የመንገደኛ አውሮፕላን ላይ የተመሠረቱ 14 የነዳጅ መሙያ አውሮፕላኖችን ታገኛለች። ባለቤቱ ኩባንያው ነው። አንዳንዶቹ በሲቪል መዝገብ፣ ሌሎቹ በወታደራዊ መዝገብ ይመዘገባሉ። እንደ ምዝገባው የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ይለያያል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ድንበሩ ነው። አውሮፕላኑ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ጥገናውን የሚመራው የትኛው ደንብ ነው፣ ብልሽት ሲገኝ ለማን ነው የሚነገረው የሚለው ውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ድሮን ሰው አይጭንም። ለሱም ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል?

ውስጡ ሰው የለም፣ ሥሩ ግን ሰው አለ። ጀርመን ይህን የተማረችው ዩሮ ሆክ በተባለው ፕሮጀክት ነው። በአሜሪካው ግሎባል ሆክ ላይ የተመሠረተ ግዙፍ የስለላ ድሮን ነበር። ከሌላ አውሮፕላን ጋር እንዳይጋጭ ራሱ አይቶ የሚሸሽበት ሥርዓት አልነበረውም። ጀርመን በአውሮፓ የተጨናነቀ ሰማይ ላይ እንዲበር ለማረጋገጥ የሚጠየቀውን ማስረጃ ማሟላት ሌላ ከ500 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሊያስወጣ እንደሚችል ተገመተ። በግንቦት 2013 ፕሮጀክቱ ቆመ። እስከዚያ ከግማሽ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ወጥቷል። የመከላከያ ሚኒስትሩ ቶማስ ደ ሚዚየር ፓርላማ ፊት ከባድ ጥያቄ ገጠማቸው።

ግሎባል ሆክ ለአሜሪካ ጥሩ ሠርቷል። አሜሪካ ለሱ ሰፊ የተከለለ ሰማይ አላት። ከዚያ ወዲህ ኔቶ ባወጣው ስታናግ 4671 በተባለው የድሮን መስፈርት መሠረት ከመነሻው የተነደፉ ድሮኖች መጥተዋል። ኤምኪው-9ቢ አንዱ ነው። በሰው መኖሪያ ላይ የሚበር ትልቅ ድሮን የሚገዛ አገር ይህን መስፈርት በግዥ ሰነዱ የመጀመሪያ ገጾች ላይ መጠየቅ አለበት።

ምስክር ወረቀቱ አንዴ ከተሰጠ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም። በሚያዝያ 2 ቀን 2005 ሻርክ 02 የተባለ የአውስትራሊያ ባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር ለመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች እርዳታ ይዞ ኢንዶኔዥያ ኒያስ ደሴት ላይ ወደቀ። ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ምክንያቱን የመሪ ሥርዓቱ ውስጥ አገኘው። ከሳምንታት በፊት በተደረገ ጥገና አንዲት ማያያዣ በትክክል አልተቆለፈችም ነበር። ንድፉ ላይ ችግር አልነበረም፤ የጥገና ባህሉ ግን ቀስ በቀስ ላልቶ ነበር።

ስለዚህ የድጋፍ ውሉ ከግዥው ውል እኩል ክብደት አለው። አምራቹ በሌላ ደንበኛው አውሮፕላን ላይ ስንጥቅ ቢያገኝ ለአንተ የመንገር ግዴታ አለበት ወይ? ይህ ዓረፍተ ነገር ውሉ ላይ ከሌለ ዜናውን ከአደጋ በኋላ ነው የምትሰማው።

አነስተኛ በጀት ያለው አየር ኃይል ምን ቢያደርግ ይሻለዋል?

ብዙ ሰው የሚበርርበትን አውሮፕላን ይግዛ፤ ለራሱ ብቻ የተለየ እንዲሆን አያስደርገው። ሁለት ተጨማሪ ሬዲዮና አንድ የተለየ ማሳያ ብሎ የጀመረ ገዢ የዓለም ብቸኛው የዚያ ዓይነት ባለቤት ሆኖ ሊያርፍ ይችላል። ያኔ ማስረጃውን የማምረት ሸክም ሁሉ የሱ ነው። አንድ የታወቀ ባለሥልጣን የሚከታተለውን አወቃቀር ይምረጥ፤ የዚያን ባለሥልጣን ማሻሻያዎች እየተከታተለ ይቀበል።

ሁሉን ራሱ ማጣራት ካልቻለ ጥቂት መሐንዲሶችን በደንብ አሠልጥኖ የሌላውን ማስረጃ አንብበው ጥያቄ መጠየቅ እንዲችሉ ያድርግ። ማስረጃ ማምረት ሺህ ሰው ይፈልጋል። ማስረጃ መመርመር ግን ደፋርና ብቁ የሆኑ ጥቂት ሰዎች ይበቁታል።

ውሉ ላይ በትንሹ ምን መጻፍ አለበት?

የትኛው መስፈርት፣ የትኛው ዕትም እንደሚሠራ። ማስረጃውን ማን እንደሚያዘጋጅና የገዢው መርማሪ የት ቦታ፣ እስከ ምን ጥልቀት ማየት እንደሚችል። ለሶፍትዌር ይህ በተለይ ተለይቶ ይጻፍ። ከሻጩ አገር የኤክስፖርት ሕግ የተነሳ የማይሰጥ መረጃ ካለ ከፊርማ በፊት ይታወቅ፣ በምን እንደሚተካም ይስማሙበት። ክፍያው በርክክብ ቀን ብቻ ሳይሆን ማስረጃው ተገምግሞ ተቀባይነት ባገኘበት ቀን ላይ ይታሰር። የማረጋገጥ ሥራው የራሱ የጊዜ ሰሌዳና የራሱ በጀት ይኑረው፤ ገንዘብ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ እንዳይሆን። አውሮፕላኑ አገልግሎት ላይ እስካለ ድረስም አምራቹ ያገኘውን ጉድለት በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ እንዳለበት በቁጥር ይቀመጥ።